የመምቻው እጅ ታሪክ፦ ከጎንደር ክራር እስከ ኤሌክትሪክ ጊታር በመተማ መንገድ

ኤሌክትሪክ ጊታርን በከፍተኛ ፍጥነት የሚጫወት ባለሙያ ሲታይ የአብዛኛው ተመልካች ዓይን የሚያርፈው በመሣሪያው አንገት ላይ ወዲያና ወዲህ በሚሯሯጡት የግራ እጅ ጣቶች ላይ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነውም የሚገድበውም ግን ክሩን የሚመታው ሌላኛው እጅ ነው። የግራ እጅ ጣት ክሩን በትክክለኛው ቦታ ቢጫነውም መምቻው እጅ በዚያች ቅጽበት ካልደረሰ ድምፅ አይወጣም፣ ቀድሞ ከደረሰ ደግሞ የሚሰማው የታፈነና የተሰበረ ድምፅ ነው። ይህ የመምቻ እጅ ጥበብ ብዙ ጊዜ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አብሮ የተወለደ፣ የሃያኛው መቶ ዘመን የአሜሪካና የአውሮፓ መድረኮች ልጅ ተደርጎ ይቆጠራል። ከጎንደር ደጋ ወደ መተማ ቆላ፣ ከመተማም ወደ ገዳሪፍና ወደ ሰናር የሚወርደውን የጥንት የንግድ መንገድ ተከትሎ የክር መሣሪያዎችን ታሪክ የሚመረምር ሰው ግን የዚህን ጥበብ ዋና ዋና ጥያቄዎች፣ ማለትም ክር ምን ያህል በጥንካሬ መመታት እንዳለበት፣ እጅ ከክር ወደ ክር እንዴት እንደሚሻገር፣ የማይፈለግ ድምፅ እንዴት እንደሚታፈን፣ አንገት በሌላቸው መሣሪያዎች ላይ ከዘመናት በፊት ተነሥተው መልስ አግኝተው ያገኛቸዋል።

መንገዱ ራሱ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሱዳን ድንበር ላይ የቆመችው መተማ ዮሐንስ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ባለ ሞቃት ቆላ ውስጥ ነች፤ ከድንበሯ ማዶም የሱዳኗ ገላባት ትዋሰናታለች። ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን ተብሎ መቀመጫውን በገንዳ ውሃ ያደረገው ይህ አካባቢ መተማን፣ የዐፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር የሆነችውን ቋራን፣ ምዕራብ አርማጭሆንና አጎራባች ወረዳዎችን የሚያጠቃልል ሲሆን፣ አማራው፣ ቅማንቱ፣ አገውና ጉሙዙ ጎን ለጎን የኖሩበት፣ ሰሊጥና ጥጥ የሚመረትበት፣ በአጨዳ ወቅት ከደጋው ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኛ የሚወርድበት ምድር ነው። ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከዳርፉርና ከዚያ ማዶ ካሉ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ተነሥተው ወደ መካ የሚጓዙና ከመካ የሚመለሱ ሙስሊሞች፣ ተክሩሪ ወይም ተካሪር የሚባሉት፣ በመተማ ሰፍረው ከተማዋን የንግድ ማዕከል አድርገዋት ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. በዚያ ሲያልፍ ያገኛቸው እነዚህኑ ሰዎች ነው። የደጋው ቡና፣ ሰምና ከብት ከቆላው ጥጥና ከሱዳን ከሚመጣው ሸቀጥ ጋር የሚገናኝበት ገበያም እዚያው ከተማ ነበር። የሱዳን መሐዲስቶች ጦር በ1888 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ያቃጠለውም፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት የወደቁትም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ነጋዴ፣ ተሳላሚና ወታደር በሚመላለስበት ጎዳና ላይ ዜማና የዜማ መሣሪያ ብቻቸውን ባሉበት ይቀራሉ ብሎ ማሰብ አይቻልም።

በዚህ መንገድ ካለፉት የውጭ ሰዎች ሁሉ ስለ ክር መሣሪያ ይበልጥ ጠቃሚ ነገር የጻፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት በነበረበት ጊዜ ራስ ኤል ፊል ተብሎ ይጠራ የነበረው፣ ዛሬ መተማ የሚገኝበት የቆላ አውራጃ፣ በስሙ በሹመት ተሰጥቶት ነበር። አካባቢውን በተግባር የሚያስተዳድርለት ያሲን የተባለ ሰው ሲሆን፣ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በ1772 እ.ኤ.አ. ወደ ሰናር ሲሻገር ያለፈው በዚሁ ሹመቱ ምድር ነው። ስለ ኢትዮጵያ የዜማ መሣሪያዎች የጻፈው ደብዳቤ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ ገብቷል። ብሩስ እንደሚለው በአገሩ ያየው ክራር መሰል መሣሪያ አምስት ወይም ስድስት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰባት ክር ነበረው። ጎንና ጎኑ የሚቆሙት ክንዶች በጥንት ጊዜ ከአጋዘን ቀንድ ይሠሩ የነበረ ሲሆን፣ ጠመንጃ ተስፋፍቶ አውሬው ሲመናመን ከቀላል ቀይ እንጨት መሠራት ጀመሩ፤ እንጨቱ ግን የቀንዱን ጥምዝምዝ ቅርጽ እንዲመስል ተደርጎ ይቀረጽ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ብሩስ ስለ ክሮቹ የተናገረው ነው። ክሮቹ በጣም ቀጥነው ተቆርጠው ከተገመዱ ያልለፋ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ጠፍሮች የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ቶሎ ይበሰብሱ፣ በደረቅ አየር ይበጠሱ፣ በእርጥብ አየር ደግሞ ድምፅ አልባ ይሆኑ ነበር። የመተማን የአየር ጠባይ የሚያውቅ ሰው የዚህን ክብደት ይረዳል። በበጋ ምድሩ በሙቀት ይነዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጓንግና የሽንፋ ወንዞች ሞልተው መንገዱን ይዘጋሉ። ስለዚህ ያው ክር በደጋና በቆላ፣ በበጋና በክረምት የተለያየ ምት ይፈልጋል፤ ለላላ ክር ጠንከር ያለ፣ ለደረቀ ክር ደግሞ የሚጠነቀቅ እጅ ያስፈልጋል። የመምቻ እጅ ትምህርት በእነዚህ አገሮች የሚጀምረው ከፍጥነት ሳይሆን ከክር ጋር ከሚደረግ እንዲህ ካለ ጥንቃቄ ነበር ማለት ይቻላል። ክራር በኋላ የአንጀት ክርን፣ ቀጥሎም ናይለንና የብረት ሽቦን እየለወጠ ሲመጣ እጁም አብሮ ተለውጧል፤ ሽቦ ቀጭንና ፈጣን መልስ የሚሰጥ ክር በመሆኑ ቀለል ያለ ምት ይበቃዋልና።

ክራር ከገበቴው፣ ማለትም በቆዳ ከተለበጠው የድምፅ ሣጥን፣ ከሁለት ክንዶቹ፣ ከላይ ከተጋደመው ቀንበርና ክሮቹ ከሚጠመጠሙባቸው መቃኛዎች የተሠራ መሣሪያ ሲሆን፣ ክሮቹ በዘመናችን አምስት ወይም ስድስት ናቸው። ከጊታር የሚለይበት መሠረታዊ ነገር ክሩን ተጭኖ የሚያሳጥሩበት አንገት የሌለው መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ብቻ አለው፣ ክሮቹም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ቅኝቶች በአንዱ ተቃኝተው ይቀመጣሉ። ቅኝት ማለት አንድ ዜማ የሚንቀሳቀስባቸው ድምፆች አደራደር ሲሆን፣ አራቱም ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ናቸው። በዚህ መሣሪያ ላይ ዜማውን የሚሠራው የትኛው ክር፣ መቼና እንዴት መመታት እንዳለበት የሚወስነው እጅ ስለሆነ፣ የክራር ጥበብ ሙሉ በሙሉ የእጅ ምት ጥበብ ነው።

ሁለት ዓይነት የአጨዋወት ስልት ይታወቃል። አንደኛው ድርደራ ነው፤ በዚህ ስልት ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ ይነካሉ፣ እያንዳንዱ ጣት የራሱ ክር ይኖረዋል፣ ስድስት ክር ባለው ክራር ላይ አንዱ ጣት ሁለት ክር መያዝ ግድ ይሆንበታል። ድርደራ ዘለግ ላለ እንጉርጉሮ፣ ለትዝታና ድምፃዊው ቃሉን አጥርቶ እንዲያሰማ ለሚፈለግበት ዜማ የሚስማማ ነው። ሁለተኛው ግርፍ ሲሆን፣ በቀኝ እጅ የተያዘ መምቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ የቆዳ ቁራጭ ወይም ሌላ ቀጭን ነገር፣ ክሮቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይገርፋል፤ በዚያው ቅጽበት የግራ እጅ ጣቶች ከክሮቹ ኋላ ሆነው መሰማት የሌለባቸውን ክሮች ይነካሉ፣ በዚህም ድምፃቸውን ያፍናሉ። ከአምስቱ ክር አራቱ ከታፈነ የሚሰማው አንዱ ነው፤ ግራ እጅ የሚያፍነውን ክር በለወጠ ቁጥር ዜማው ይቀየራል፣ ቀኝ እጅ ግን ግርፉን ሳያቋርጥ ወደ ታችና ወደ ላይ ይመላለሳል።

በዚህ ስልት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ተገቢ ነው። በግርፍ ክራር የቀኝ እጅ ሥራ ምትን ማስጠበቅ፣ የግራ እጅ ሥራ ደግሞ መምረጥ ነው፤ ፍጥነት የሚገኘውም ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው እያንዳንዱ እጅ ከሌላው ጋር ሳይጋጭ ሲሠራ ነው። ገራፊው ከክር ወደ ክር ስለ መዝለል አይጨነቅም፣ ምክንያቱም መምቻው ሁሉንም ያልፋል፤ የሚጨነቀው የመምቻው ጉዞ ርዝመትና ጊዜ እኩል ስለ መሆኑ ነው። ለዘፈን፣ ለሽለላና ለእስክስታ የሚሆነው፣ የአገሬው ሙዚቀኛ ችክችካ የሚለው፣ በስድስት የሚቆጠረው የሚንደረደር ምት በዚህ እኩልነት ላይ የቆመ ነው። የምዕራቡ ዓለም የጊታር መምህራን ለፍጥነት ቁልፍ አድርገው የሚያስተምሩት ነገር፣ ቀኝ እጅ ዜማው ቢለወጥም ባይለወጥም የማያቋርጥ እኩል መመላለስ እንዲኖረው ማድረግ፣ ለክራር ገራፊ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው።

ይህ ስልት የክራር ብቻ አይደለም፤ ከመተማ ማዶም ይገኛል። በሱዳን ጠንቡር ወይም ረባባ እየተባለ የሚጠራው፣ በኑቢያ ኪሲር፣ በቤጃ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ባሰምኩብ የሚባለው መሣሪያ የክራር የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ እርሱም በቀኝ እጅ መምቻ ተገርፎ በግራ እጅ ጣቶች እየታፈነ ይሰማል። ከናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ ጋር የሄደው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሊቅ ጊዮም አንድሬ ቪሎቶ የኑቢያውን መሣሪያ በጥንቃቄ መዝግቧል። በጥንት ግሪኮች ማሰሮ ላይ የተሣሉት የክራር ዘመድ የሆነ መሣሪያ የያዙ ሰዎችም በቀኝ እጃቸው መምቻ ይዘው፣ የግራ እጃቸውን ጣቶች ከክሮቹ ኋላ ዘርግተው ይታያሉ። ግርፍ ከዓባይ ሸለቆ እስከ ጎንደር ደጋ የተዘረጋ የጋራ ሀብት ነው፤ የመተማ መንገድ ደግሞ የዚህ ሀብት ሁለት ጫፎች ከሚገናኙባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ስለ በገናም አንድ ቃል መጨመር ይገባል፦ አሥር ክር ያለውና ከመዝሙር ጋር የተሣሰረው በገና በጣት የሚደረደር ሲሆን፣ ድኅር በሚባል መምቻም መጫወት የሚቻል ነው፤ ይሁን እንጂ በገና ለፍጥነት የተሠራ መሣሪያ አይደለም፣ ክብሩም በዝግታው ነው። ክራር በአንጻሩ የዓለማዊ ዘፈን መሣሪያ ተደርጎ በመታየቱ በቀደመው ማኅበረሰብ ዘንድ ሲናቅ የኖረ ነው። ንቀቱ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አልነበረም፤ የበገና ሥርዓት በመዝሙር አማካይነት ሲጠበቅ የክራር እጅ ስልት ግን ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው በዓይንና በጆሮ ብቻ ሲተላለፍ ኖሯል።

በሱዳን በኩል የእጁ ታሪክ በሃያኛው መቶ ዘመን ሌላ መታጠፊያ አገኘ። የከተማው ዘፋኝ ከጠንቡር ወደ ዑድ ተሻገረ። ዑድ ከዓረቡ ዓለም የመጣ፣ አንገት ያለው ነገር ግን ፍሬት የሌለው መሣሪያ ሲሆን፣ ፍሬት የሚባለው በጊታር አንገት ላይ የድምፆቹን ቦታ የሚለዩት የብረት ዘንጎች ናቸው። ዑድ የሚመታው ሪሻ በተባለ ረጅም መምቻ ነው፤ ሪሻ በጥንት ጊዜ ከንስር ላባ ይሠራ ነበር። በካርቱም ዘመናዊ ዘፈን ላይ አሻራውን ያሳረፈው ኸሊል ፈረሕ እስከ ሞተበት እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ በዑድ ዘፍኗል፤ በ1940 እ.ኤ.አ. የኦምዱርማን ሬዲዮ ሲከፈት ይህ የዑድ ዘፈን በአየር ሞገድ መሰራጨት ጀመረ። ከኑቢያ የመጣው መሐመድ ወርዲ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. የተወለደውና ኋላ በመላው የአፍሪካ ቀንድ የታወቀው፣ መጀመሪያ የለመደው ጠንቡር ሲሆን ኋላ ወደ ዑድ ተሻግሯል። ከጠንቡር ወደ ዑድ የተሻገረ እጅ ሁሉንም ክር ከመግረፍ ወጥቶ አንዱን ክር ብቻ ለይቶ፣ በቁልቁልና በሽቅብ ምት እየተመላለሰ መምታትን መማር ነበረበት፤ ይህ ለአንድ እጅ ትልቅ ለውጥ ነው። ወርዲ በ1994 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሲዘፍን ያገኘው አቀባበል፣ በቀጥታ የተቀዳው ኮንሰርትም ኋላ በአልበም መውጣቱ፣ አምስት ድምፅ ያለው የሱዳን ዜማ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያሳያል።

ዑድ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያለው ዝምድና ከሱዳንም ውጭ በአንድ የታወቀ ሰው እጅ ላይ ይታያል። በ1937 እ.ኤ.አ. በቦስተን የተወለደው፣ የአባቱ ወገን ሊባኖሳዊ የሆነው ዲክ ዴል፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሚሲርሉ የተሰኘው ዘፈን በጊታር ታሪክ ውስጥ የፈጣን ምት ምዕራፍ ከፋች ተደርጎ ይቆጠራል። ዴል ዜማውን ያወቀው ዑድ ከሚጫወተው አጎቱ ነው፤ አንዱን ክር ያለማቋረጥ በቁልቁልና በሽቅብ ምት እያንቀጠቀጠ ወፍራም የብረት ክር ላይ ያሰማው ድምፅ የዑድን ሪሻ ልማድ ወደ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ያሻገረ ነው። ግራኝ ስለነበረ መምቻ እጁ ግራው ነበር፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቀኝ እጅ የተባለው በልማድ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

የዚህን ፈጣን ምት አሠራር በቁጥር ማየት ነገሩን ያቀልላል። ዜማው በደቂቃ 120 ምት በሚቆጠርበት ፍጥነት ሲሄድና በእያንዳንዱ ምት ውስጥ አራት ድምፅ ሲሰማ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስምንት ድምፅ ይኖራል። ተጫዋቹ በቁልቁል ብቻ ከመታ እጁ በሴኮንድ ስምንት ጊዜ መውረድ፣ ስምንት ጊዜም ባዶውን መመለስ አለበት፤ ቁልቁሉንም ሽቅቡንም ከተጠቀመ ግን በሴኮንድ አራት ምልልስ ይበቃዋል። ሙዚቀኞች ፒክ የሚሉት ትንሹ መምቻ ከክሩ ርቆ ከሄደ ግን ይህ ጥቅም ይጠፋል፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው ከክርን ሳይሆን ከእጅ አንጓ የሚመነጭ፣ አጭርና የላላ መሆን አለበት። ኤሌክትሪክ ጊታር ይህን ያቀለለው ፒክአፕ በሚባለው ክፍሉ ነው፤ ፒክአፕ ከማግኔትና ከተጠመጠመ ሽቦ የተሠራ ሲሆን የብረት ክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ማጉያውም ድምፁን ያሳድገዋል። መሣሪያው ለመሰማት የእጅ ኃይል የማይፈልግ ሲሆን እጁ ኃይሉን ሁሉ ለፍጥነትና ለጥራት ማዋል ይችላል።

ይኸው የድምፅ ጉልበት ጥያቄ የክራርንም ታሪክ ያብራራል። በአደባባይና በሠርግ ዳስ ውስጥ፣ ጭብጨባና እልልታ ባለበት፣ የሚሰማው ግርፍ ብቻ ነው፤ ለስላሳው ድርደራ ግን ከማይክሮፎን በፊት በጓዳና በምሽት ጨዋታ ተወስኖ የነበረ ይመስላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተዋናይት የነበረችው አስናቀች ወርቁ፣ የክብር ዘበኛው ካሣ ተሰማና ሜሪ አርምዴ በቀጭን ድርደራቸው በሰፊው ሊታወቁ የቻሉት ማይክሮፎን፣ ሬዲዮና ሸክላ የአንድን ጣት ንክኪ ለብዙ ሰው ማድረስ በቻሉበት ዘመን ነው። በዚህ ጽሑፍ አስተያየት የክራር ድርደራ በመድረክ ላይ ያገኘው ቦታ ከተጫዋቾቹ ችሎታ ባልተናነሰ የማጉያው ውጤት ነው፤ ይህንንም መናገር የእነዚያን ታላላቅ ባለሙያዎች ክብር አይቀንስም።

ጊታር በኢትዮጵያ የተስፋፋው የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ትልልቅ የነፋስ መሣሪያ ባንዶች ከነገሡ በኋላ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ትንንሽ የዳንስ ባንዶች በአዲስ አበባና በአስመራ ሆቴሎች ሲበዙ ነው። አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያና ሬዲዮው የሶልና የሮክ ጊታርን ለወጣቱ ሙዚቀኛ አሰምተዋል። ከዚህ ቀደም ብሎ ደግሞ ማንዶሊን በአገራችን ባንዶች ውስጥ ቦታ ነበረው፤ ማንዶሊን ክሮቹ ጥንድ ጥንድ የሆኑ፣ ረጅም ድምፅ ማውጣት ስለማይችል አንዱን ድምፅ በፈጣን የቁልቁልና የሽቅብ ምት እያንቀጠቀጡ የሚያስረዝሙት መሣሪያ ነው። አንጋፋው የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞ፣ ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር በመሠረተው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት አማካይነት ይህን የምት ልማድ ለአዲሱ ትውልድ እንደገና አሰምቷል። የፈጣን መምቻ እጅ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ሲፈለግ ከጊታሩ በፊት ወደ ማንዶሊኑ መመልከት ይገባል፤ ይህ መሣሪያ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ጊታር የባንዱ የጀርባ አጥንት ሆነ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤረ መላ መላ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራ ሲሆን፣ የአይቤክስ ጊታሪስት ሰላም ስዩም ወልደማርያም፣ ሙዚቀኞች ሰላሚኖ የሚሉት፣ ባንዱ ኋላ ሮሃ ተብሎ በካሴት ዘመን ሲገንንም አብሮ ቀጥሏል። በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ያለውን ጊታር ልብ ብሎ የሚሰማ ሰው ሁለት ዓይነት ሥራ ይለያል፤ አንዱ የዜማውን ሐረግ ድምፃዊውን ተከትሎ ወይም ቀድሞ የሚጫወተው ነጠላ ምት ሲሆን፣ ሌላው ክሮቹን በከፊል አፍኖ በስድስቱ ቆጠራ ላይ የሚወድቀው አጭርና ደረቅ ግርፍ ነው። ሁለተኛው ለክራር ግርፍ ያለው ቅርበት ግልጽ ነው፤ በሁለቱም ቀኝ እጅ አያርፍም፣ የሚሰማውንና የማይሰማውን የሚለየው ደግሞ የሌላኛው እጅ አፈና ነው።

የነጠላው ምት ጉዳይ በተለይ ከቅኝቶቻችን ጋር ሲታይ አንድ ልዩ ነገር ያስገኛል። የአውሮፓ ሰባት ድምፅ ያለው ስኬል በጊታር ላይ ሲጫወቱት በአንድ ክር ላይ ሦስት ድምፅ እንዲውል ማድረግ የተለመደ ነው። በቁልቁልና በሽቅብ የሚመላለስ እጅ ሦስት ድምፅ ከመታ በኋላ ወደሚቀጥለው ክር ሲሻገር የምቱ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ በአንዱ ክር በቁልቁል ከጀመረ በሚቀጥለው በሽቅብ ይጀምራል፣ የእጁ ትልቁ ፈተናም ይህ ነው። አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ግን በአንድ ክር ሁለት ሁለት ድምፅ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሁለት ጥንድ ቁጥር ስለሆነ እጁ በየክሩ ሁልጊዜ በቁልቁል ጀምሮ በሽቅብ ይጨርሳል። ተጫዋቹ ፒኩን በትንሹ አዘንብሎ ከያዘው ሽቅብ ምቱ ከክሮቹ መደብ ወጥቶ ወደ አየር ስለሚነሣ፣ ወደሚቀጥለው ክር መሻገር እንቅፋት የሌለበት ይሆናል። ለትዝታና ለአምባሰል የለመደ እጅ ሰባት ድምፅ ያለውን ስኬል ለሚለማመድ እጅ ከባድ የሆነውን የክር ሽግግር ገና ከመጀመሪያው ቀለል አድርጎ ያገኘዋል። በምላሹ ግራ እጅ ይፈተናል፤ በባቲና በአንቺሆዬ ውስጥ ሁለቱ ድምፆች አንዳንዴ በአንገቱ ላይ አራት ፍሬት ያህል ይራራቃሉ፣ ጣትም መዘርጋት ይኖርበታል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ የጊታር ተማሪ በውጭ የተዘጋጀ የፍጥነት ልምምድ ሲወስድ ለሦስት ድምፅ የተሠራውን ልምምድ ከማሳደዱ በፊት የራሱን ቅኝት ለመምቻ እጁ ቢያስተምር የሚሻለው ይህ የአሠራር ምክንያት ስላለ ነው።

ድንበሩን ተሻግሮ ካርቱም ላይም ጊታር ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የሱዳን ጃዝ ንጉሥ የተባለው ሸርሐቢል አሕመድ ኤሌክትሪክ ጊታርን በአምስት ድምፅ ዜማ ላይ አንግሦታል፤ ባለቤቱ ዘኪያ አቡልቃሲምም የሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታሪስት ተብላ ትታወቃለች። ከእነዚህ ይበልጥ ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ፖርት ሱዳን ላይ የኖረው የቤጃው ሙዚቀኛ ኑሪ ነው፤ ኑሪ ከአባቱ ያገኘውን ጠንቡር ከጊታር አንገት ጋር አዋሕዶ ጠንቦ ጊታር የተባለ መሣሪያ ሠርቷል፣ ከዶርፓ ባንዱ ጋር የሠራው ቤጃ ፓወር የተሰኘው አልበምም በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ክራር ራሱ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ፒክአፕ ተገጥሞለት በማጉያ ውስጥ የሚያልፈው ክራር በአዲስ አበባ የምሽት ቤቶች የተለመደ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ክራሩ ባለሙያ መሰለ አስማማው ከስካንዲኔቪያ ነፃ ጃዝ ሙዚቀኞች ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ባሮ 101 የተሰኘ ሥራ አውጥቷል፤ በለንደን የተቋቋመው ክራር ኮሌክቲቭም በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ ክራርን ለአውሮፓ መድረኮች አሰምቷል።

ኤሌክትሪክ ክራር የመምቻ እጁን ጥያቄ እንደገና ከሥሩ አንሥቶታል። ድምፅ በማጉያ ሲያድግ በስህተት የሚነዝር እያንዳንዱ ክር አብሮ ያድጋል፤ በተራ ክራር ላይ የማይሰማ ጥቃቅን ጉድለት በትልቅ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ክራር ተጫዋች ከጥንቱ ገራፊ ይልቅ የማፈን ሥራው ይበዛበታል፣ ግራ እጁ ዜማውን ብቻ ሳይሆን ዝምታውንም መቆጣጠር ይኖርበታል። ብዙዎቹ ስለዚህ ድርደራንና ግርፍን በአንድ ዘፈን ውስጥ ይቀላቅላሉ፤ ሐረጉን በጣት ይነኩና ወደ ጭፈራው ሲገቡ መምቻ ያነሣሉ፣ ከጊታር የተማሩትንም ነጠላ ፈጣን ምት በመሃል ያስገባሉ። ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ በሚወርደው መንገድ ላይ በግርፍ የኖረው እጅ በዚህ ዘመን ከዑድ፣ ከማንዶሊንና ከጊታር የመጣውን ነጠላ ምት ተቀብሎ በራሱ መሣሪያ ላይ እየሠራበት ይገኛል፤ ኑሪ በአንድ እንጨት ላይ ያገናኛቸው ጠንቡርና ጊታርም የዚሁ ሥራ የሱዳን በኩል መልክ ናቸው።